ወደ ብልባላ የሚጠቁመው ማነው?

ከላሊበላ ተነሥቶ ወደ ሰቆጣ በሚያዘልቀው መንገድ ወደ ሰሜን የሚጓዝ የጎብኚዎች መኪና ብልባላ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ፍጥነቱን ይቀንሳል እንጂ አይቆምም። የተሳፋሪው ልብ ያለው ከፊት ነው። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሰንሰለት፣ በሰፊ ዋሻ ውስጥ የተሠራውን ይምርሐነ ክርስቶስን ሊያይ ነው ከአልጋው በጠዋት የተነሣው። እዚያ ሲደርስም አያፍርም። የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ በአክሱም ወግ አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ ነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየተደራረበ ወጥቷል። ከበስተኋላው፣ በዋሻው ጥልቀት፣ በየዘመኑ ለመሳለም መጥተው እዚያው ያረፉ ሰዎች አፅም ተከምሮ ይታያል። ሕንፃው የቆመው በውኃማ መሬት ላይ በተነጠፈ እንጨት ነው ተብሎም ይነገራል።

መንገድ ላይ ያለፈው ግን ብዙ ነው። ብልባላ ጊዮርጊስ ከዓለት ተፈልፍሎ እዚያው አጠገብ አለ። ማንም ቀፎ ያልሰቀለላቸው ንቦች በመግቢያው አካባቢ በግድግዳው ውስጥ ይኖራሉ፤ ምእመናኑ ማራቸውን ለሕመም ፈውስ ይወስዱታል። ብልባላ ቂርቆስ አለ። አርባዕቱ እንስሳ አለ። የአካባቢው ትውፊት እነዚህን አብያተ ክርስቲያናት ከቅዱስ ላሊበላ ዘመን ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ወስዶ ለአፄ ካሌብ ይሰጣቸዋል።

አንዱ ጋ ተቁሞ ሌላው የሚታለፈው ለምንድን ነው? ከፊሉ የግርማው ጉዳይ ነው፤ ይምርሐነ ክርስቶስን የሚያህል ነገር በዓለምም ጥቂት ነው። ከፊሉ የሰዓት፣ የመንገድና የገንዘብ ጉዳይ ነው። ከፊሉ ግን ጎብኚው ገና ከአገሩ ሳይነሣ በስልኩ ላይ ያለቀ ጉዳይ ነው። የት እንደሚሄድ ሲፈልግ ጎግል ያወጣለትን የመጀመሪያዎቹን አምስትና ስድስት ገጾች አንብቦ ዕቅዱን ጨርሷል። እነዚያ ገጾች ከላይ የተቀመጡት ደግሞ ላሊበላም ብልባላም ስላሉበት ስለ ላስታ ከሌላው የተሻለ ስለሚያውቁ ብቻ አይደለም። ሌሎች ድረ ገጾች ወደ እነሱ ስለሚጠቁሙ ጭምር ነው።

በሙያው ያሉ ሰዎች ይህን ጥቆማ ባክሊንክ ይሉታል። አንድ ድረ ገጽ በጽሑፉ መካከል የሌላውን አድራሻ ሲያስቀምጥና አንባቢው ጠቅ አድርጎ ወደዚያ ሲሻገር፣ ለተቀባዩ ገቢ ሊንክ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ የኢንተርኔት ፍለጋ የቆመበት መሠረት ግን ይኸው ነው።

ከአልቫሬዝ እስከ ስታንፎርድ

ላስታን ለውጭው ዓለም መጀመሪያ በሰፊው የጠቆመው መጽሐፍ ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520 ከሮድሪጎ ደ ሊማ መልእክተኞች ጋር ወደ አፄ ልብነ ድንግል አገር መጥቶ ስድስት ዓመት ቆየ። በዚህ ቆይታው የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አየ፤ ይምርሐነ ክርስቶስንም አየ። ዋሻው ሦስት ትላልቅ መርከቦችን ከነምሰሶአቸው የሚይዝ መሆኑን ጽፏል። ስለ ላሊበላ ሲጽፍ ግን አንድ ቦታ ላይ ብዕሩን ይገታል። ከዚህ በላይ ቢጽፍ አንባቢ እንደማያምነው ፈርቶ፣ የጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ይምላል።

መሐላው ብቻውን አይበቃም ነበር። መጽሐፉ በ1540 በሊዝበን ታተመ፤ በ1550 ደግሞ ራሙዚዮ የተባለው የቬኒስ ሰው በሰበሰበው ትልቅ የጉዞ ታሪኮች ጥራዝ ውስጥ በጣሊያንኛ አስገባው። ከዚያ በኋላ ስለ ኢትዮጵያ የሚጽፍ አውሮፓዊ ሁሉ አልቫሬዝን ሳይጠቅስ ማለፍ አቃተው። ፈረንሳዊው አሺል ራፍሬ በ1882 ስለ ላሊበላ መጽሐፍ አወጣ። ኢርምጋርድ ቢደር በ1959፣ ስዊዘርላንዳዊው ፎቶ አንሺ ጊዮርግ ጌርስተር በ1968 ተከተሉ። እያንዳንዱ ከሱ በፊት የነበረውን እየጠቀሰ፣ ለሚመጣው ደግሞ ተጠቃሽ እየሆነ ሄደ። ዩኔስኮ በ1978 የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ላሊበላ ከሰሜን ተራሮች ጋር በዝርዝሩ ውስጥ ነበረች። እስከዚያ ድረስ የአራት መቶ ዓመት ጥቅስ ተከማችቶላት ነበር።

በሊቃውንት ዓለም ይህ ክምችት ይቆጠራል። አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ በ1960ዎቹ የሳይንስ ጽሑፎችን ማን ማንን እንደጠቀሰ የሚያሳይ ማውጫ ማሳተም ጀመረ፤ ብዙ የተጠቀሰ ጽሑፍ ብዙ ሰው የተማመነበት ነው በሚል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሁለት ተማሪዎች፣ ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን፣ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ድረ ገጽ አመጡት። በዚያን ጊዜ የነበሩት የፍለጋ ሞተሮች በዋናነት ቃል ይቆጥሩ ነበር። አንድ ሰው በገጹ ላይ አንድን ቃል መቶ ጊዜ ከደጋገመ ከላይ የመውጣት ዕድል ነበረው። ፔጅና ብሪን ቃሉን ብቻ ከመቁጠር ይልቅ ሊንኩን መቁጠር ጀመሩ። በ1998 ባሳተሙት ጽሑፍ የሙከራ ማውጫቸው 24 ሚሊዮን ገጾችና 518 ሚሊዮን ሊንኮች መያዙን ገልጸዋል። በዚያው ዓመት ጎግል ኩባንያ ሆነ። ስሌቱ በላሪ ፔጅ ስም ፔጅራንክ ተባለ።

አሠራሩን ለመረዳት የሂሳብ ሊቅነት አያስፈልግም። አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ ተቀምጦ ያገኘውን ሊንክ ሁሉ ያለ ምርጫ እየተጫነ ከገጽ ወደ ገጽ ሲዘዋወር ይዋል እንበል። ከመቶ 85 ጊዜ ሊንኩን ይከተላል፤ 15 ጊዜ ይሰለቸውና ወደ ሌላ የትም ወደሆነ ገጽ ይዘላል። ይህ ሰው በአንድ ገጽ ላይ የሚገኝበት ዕድል የዚያ ገጽ ፔጅራንክ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። የመጀመሪያው፣ ሊንክ ሁሉ እኩል አይደለም፤ ብዙ ከተጠቆመ ገጽ የሚመጣ ጥቆማ ከማንም ካልተጠቆመ ገጽ ከሚመጣው ይከብዳል። ሁለተኛው፣ ጠቋሚው ክብደቱን ለሚጠቁማቸው ሁሉ ያካፍላል። ክብደቱ 6 የሆነ ገጽ ሦስት ሊንክ ብቻ ካለው ለእያንዳንዱ 2 ይደርሰዋል፤ በ85 በመቶ ሲባዛ 1.7። ያው ገጽ መቶ ሊንክ ቢደረድር ግን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 0.051 ነው።

የላስታ ገበሬ በሬ ሲገዛም ከዚህ የተለየ ነገር አያደርግም። ሻጩ ስለ በሬው የሚናገረውን ሰምቶ፣ ቀጥሎ ሻጩን የሚያውቅ ሰው ይጠይቃል። የተጠያቂው ቃል የሚመዝነው ተጠያቂው ራሱ በአገሩ ባለው መታመን ልክ ነው፤ ለመጣው ሁሉ ዋስ የሚሆን ሰው ደግሞ ዋስነቱ ይረክሳል።

የፔጅና የብሪን ጽሑፍ ሌላም ትልቅ ነገር ይዟል። ሊንኩ የተቀመጠበት ቃል ራሱ ይቆጠራል። አንድ ጋዜጣ «ብልባላ ጊዮርጊስ» በሚሉት ቃላት ላይ ሊንክ ቢያስቀምጥ፣ የፍለጋ ሞተሩ ያ ገጽ ስለ ብልባላ ጊዮርጊስ መሆኑን ከሌላ ሰው አፍ ሰማ ማለት ነው። ፔጅና ብሪን እንዳሉት ሌሎች ስለ ገጹ የሚሉት ብዙ ጊዜ ገጹ ስለ ራሱ ከሚለው የተሻለ ይገልጸዋል። ለእኛ ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። ይምርሐነን አንዱ በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በሀሌታው ሀ፣ ሦስተኛው በሃ ይጽፈዋል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አጻጻፉ ከመጽሐፍ መጽሐፍ፣ ከካርታ ካርታ ይለያያል። በየአጻጻፉ የተቀመጡ ሊንኮች ወደ አንድ ገጽ ሲያመሩ ሁሉም የአንድ ቤተ ክርስቲያን ስም መሆናቸውን ለማሽኑ ያስረዳሉ።

የሚመጣው ሰውና የሚወጣው ደረጃ

ገቢ ሊንክ የሚያመጣው ጥቅም ሁለት ነው፤ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ቀጥተኛ ነው፤ አንባቢ ጠቅ ያደርጋል፣ ይመጣል። ሁለተኛው የተዘዋወረ ነው፤ ሊንኩን ማንም ባይጫነው እንኳ የፍለጋ ሞተሩ አይቶት የገጹን ደረጃ ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ሰዎችም በፍለጋ ይመጣሉ።

ልዩነቱ በዊኪፔዲያ ላይ በደንብ ይታያል። ጎግል፣ ያሁና ኤምኤስኤን እ.ኤ.አ. በ2005 መጀመሪያ ኖፎሎው የተባለ ምልክት አስተዋወቁ። ሊንክ ላይ ሲለጠፍ «ይህን በደረጃ ስሌት አትቁጠሩት» ማለት ነበር። እንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከ2007 ጀምሮ ወደ ውጭ በሚያወጣቸው ሊንኮች ላይ ሁሉ ለጠፈው፤ ማስታወቂያ ለማስገባት የሚራኮተውን ሰው ለመከላከል ሲል። ስለዚህ ከዊኪፔዲያ የሚመጣ ሊንክ በቀጥታ ክብደት አያወርስም ተባለ። በ2019 ጎግል ምልክቱን እንደ ትእዛዝ መቀበሉን ትቶ እንደ ፍንጭ ብቻ እንደሚያየው አስታወቀ። ያም ሆነ ይህ የዊኪፔዲያ ሊንክ ሰው ያመጣል። ከመጡት መካከል ጋዜጠኛ አለ፣ የጉዞ መጽሐፍ ጸሐፊ አለ፣ ተመራማሪ አለ፤ እነሱ ደግሞ በየራሳቸው ገጽ ምልክት የሌለው ሊንክ ያስቀምጣሉ።

ሊንክ እንደ ድሮው ሁሉን የሚወስን አይደለም፤ ይህን ማለት ተገቢ ነው። በ2016 የጎግሉ አንድሬ ሊፓትሴቭ ሊንክን ከሦስቱ ዋና ዋና መመዘኛዎች አንዱ አድርጎ ቆጥሮት ነበር። በ2023 ሌላው የጎግል ባለሙያ ጋሪ ኢሊዬስ ከሦስቱ ከወጣ ቆይቷል ብሏል። ዛሬ ጎግል የሚያየው ብዙ ነው፤ የጽሑፉ ጥራት፣ የፈላጊው ቦታ፣ ገጹ በስልክ ላይ የሚከፈትበት ፍጥነት። ከ2024 ወዲህ ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጀ መልስ ከሊንኮቹ በላይ ማሳየት ጀምሯል። ቢሆንም ያ መልስ ራሱ የሚቀዳው ከድረ ገጾች ነው። የማይጠቆም ገጽ መኖሩ እንኳ ላይታወቅ ይችላል፤ የጎግል ቦት አዲስ ገጽ የሚያገኝበት ዋናው መንገድ ከሚያውቀው ገጽ ሊንክ ተከትሎ ነውና። አህሬፍስ የተባለው የሊንክ መረጃ ኩባንያ በ2023 ወደ 14 ቢሊዮን ገጾችን መርምሮ 96.55 በመቶው ከጎግል አንድም ጎብኚ እንደማያገኝ አሳይቷል። ከምክንያቶቹ አንዱ ወደ እነሱ የሚጠቁም አለመኖሩ ነው።

ይህ በላስታ ላይ ምን ይመስላል? የላሊበላ የዩኔስኮ ገጽ ቁጥሩ 18 ነው። የአድራሻው መጨረሻ ላይ ያለው ይህ ቁጥር ለዓመታት አልተለወጠም። ኢንሳይክሎፔዲያው፣ ጋዜጣው፣ አስጎብኚ ድርጅቱ፣ ዩኒቨርሲቲው ሁሉ ወደዚያ ይጠቁማል፤ ያ ሁሉ ጥቆማ በአንድ ቦታ ይጠራቀማል። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን በማርች 2019 ላሊበላን ሲጎበኙ የዓለም መገናኛ ብዙኃን ስለ ከተማዋ ጻፉ። በየዓመቱ ታኅሣሥ 29 ነጭ የለበሰው ምእመን በቤተ ማርያም ዙሪያ ሲያሸበሽብም ፎቶው ዓለምን ይዞራል። ይህ ሁሉ ለ11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ነው። ከዚያ ወደ ብልባላ የሚወርድ ሊንክ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ብልባላ በአብዛኞቹ ገጾች ላይ «በመንገድ ላይ የሚታዩ ሌሎች» በሚል ዐረፍተ ነገር ውስጥ በስም ብቻ ታልፋለች። ስም ያለ ሊንክ ሲጠራ አንባቢው የሚሄድበት አይኖረውም።

በሚገባ የተጠቆመ ነገር በዚያው አካባቢ ምን እንደሚያገኝ የሚያሳይ ምሳሌ አለ። ከላሊበላ ደቡብ ባለው የመቄት ደጋ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተስፋ በሚል ስም የተጀመረ የማኅበረሰብ ቱሪዝም አለ። ገበሬዎቹ በገደሉ አፋፍ ላይ ጎጆ ሠርተው እንግዳ ያሳድራሉ፤ ጓዝ በአህያ ይጫናል፤ እንግዳው ከመንደር መንደር በእግሩ ይጓዛል። የሚያድርበት ቦታ ከዋናው መንገድ የራቀ ነው፤ አልፎ ሂያጅ አይቶት የሚገባበት ዓይነት አይደለም። እንግዳው የመጣው የጉዞ መጻሕፍትና ጋዜጦች ስለጻፉለት፣ ተጓዦችም ከተመለሱ በኋላ በየገጻቸው ወደ እሱ ስለጠቆሙ ነው። የሚጻፍለት ነገር ነበረው። በላሊበላ ከተማ ዳር በኮረብታ ጫፍ ላይ የተሠራው ቤን አበባ ምግብ ቤትም እንዲሁ ነው። ሕንፃው ሌላ ቦታ የማይገኝ ቅርጽ ስላለው ያየው ሁሉ ፎቶ አንሥቶ ስለ እሱ ይጽፋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ጥቆማ ማንም አይከፍልም፤ ዋጋው ያለውም እዚያ ላይ ነው።

የተገዛ ምስክርነት

ሊንክ ዋጋ እንዳለው ሲታወቅ መሸጥ ተጀመረ። ዛሬ በኢንተርኔት ገበያ «ሺህ ባክሊንክ በጥቂት ዶላር» የሚሉ ማስታወቂያዎች ሞልተዋል። ሆቴል የከፈተ ወይም አስጎብኚ ድርጅት ያቋቋመ ወጣት በቀላሉ የሚታለልበት ነገር ነው። ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ጄሲ ፔኒ የተባለው የአሜሪካ ትልቅ የገበያ መደብር የደረሰበትን ማወቅ አለበት።

በፌብሩዋሪ 2011 ኒው ዮርክ ታይምስ እንደዘገበው፣ መደብሩ ለወራት ከአልባሳት እስከ ምንጣፍ በብዙ ፍለጋዎች አንደኛ ይወጣ ነበር። ምስጢሩ ከዕቃው ጋር ምንም ግንኙነት በሌላቸው በሺዎች በሚቆጠሩ ገጾች ላይ የተተከሉ ሊንኮች ነበሩ። ጎግል ጉዳዩ ሲነገረው እርምጃ ወሰደ። ምሽት አንድ ሰዓት ላይ መደብሩ ለሳምሶናይት የእጅ ሻንጣ ፍለጋ 1ኛ ነበር፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ 71ኛ ሆነ። ለሳሎን ዕቃም እንዲሁ ከ1ኛ ወደ 68ኛ ወረደ። በቀጣዩ ዓመት፣ ኤፕሪል 24 ቀን 2012፣ ጎግል ፔንግዊን የተባለውን ማሻሻያ ለቀቀ፤ ከእንግሊዝኛ ፍለጋዎች 3.1 በመቶ ያህሉን ነካ። በሊንክ ንግድ ከፍ ብለው የነበሩ ብዙ ድረ ገጾች በአንድ ሌሊት ጠፉ። ለሃይማኖታዊ ስፍራ፣ ለማኅበር ወይም ለትንሽ ሆቴል እንዲህ ያለ ውድቀት መልሶ ለመነሣት ከባድ ነው። መግዛት አያስፈልግም፤ አደጋም አለው።

እርስ በርሱ የማይጠቋቆም ድር

የአማርኛው ኢንተርኔት ከሊንክ ግዢው ይልቅ የሚጎዳው በሌላ ነገር ነው። እርስ በርሱ አይጠቋቆምም።

እንዲህ አልነበረም። በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ኢትዮጵያ ራሷ በ1997 ከኢንተርኔት ጋር ከተገናኘች ወዲያ፣ በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን የከፈቷቸው ገጾች ሊንክ የሚሰበስቡ ነበሩ። ናዝሬት ዶት ኮምን የከፈተ ሰው ስለ አገሩ ከየቦታው የተለቀመ ዜና ያገኝ ነበር፤ ሳይበር ኢትዮጵያም ከጄኔቭ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራ ነበር። ፊደላችን በዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት ብዙ የአማርኛ ጽሑፍ በልዩ ፎንት ወይም በፎቶ መልክ ይለጠፍ ስለነበር የፍለጋ ሞተር ሊያነበው አይችልም ነበር። አንባቢ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚደርሰው በእነዚህ የሊንክ ዝርዝሮች ብቻ ነበር። ዝርዝሩን በእጁ የሚያስተካክለው ሰው ያለ ክፍያ የሠራው ትልቅ አገልግሎት ነው።

ዛሬ ፊደሉ ይነበባል፤ ሊንኩ ግን ቀረ። ስለ ላስታ ብዙ የሚያውቁ ሰዎች፣ ካህናቱ፣ መምህራኑ፣ አስጎብኚዎቹ፣ የሚጽፉት በፌስቡክና በቴሌግራም ነው። አንድ ዲያቆን ስለ አርባዕቱ እንስሳ ሥዕሎች ግሩም ነገር ቢጽፍ በሦስተኛው ቀን ከሌላ ልጥፍ ሥር ይቀበራል። በተዘጋ ቡድን ውስጥ ከሆነ የፍለጋ ሞተር ፈጽሞ አይደርስበትም። ጋዜጦቻችንም ከዚህ አይሻሉም። «እገሌ እንደዘገበው» ብሎ ምንጭ መጥቀስ የተለመደ ነው፤ አንባቢው ተጭኖ ምንጩን እንዲያገኝ ሊንክ ማስቀመጥ ግን ብርቅ ነው። ምክንያቱ ክፋት አይመስልም። አንባቢ ከገጻችን ይወጣብናል የሚል ፍርሃት ነው። ውጤቱ ግን የአማርኛ ድረ ገጽ ሁሉ ለብቻው መቆሙና ሁሉም አንድ ላይ ከታች መቅረቱ ነው። ስለ አገሩ ቤተ ክርስቲያን በአማርኛ የሚፈልግ ሰው የተተረጎመ የውጭ ገጽ ሊያገኝ ይችላል፤ የዚያኑ ደብር ሰው የጻፈውን ግን አያገኝም። ይህ ያሳዝናል፤ ደግሞም ሊስተካከል የሚችል ነው።

ያለፉት ዓመታት ችግርም ተጨመረበት። በ2012 ዓ.ም የኮሮና ወረርሽኝ ጎብኚ አቋረጠ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ገባ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም በአማራ ክልል ጉዳይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የክልሉ የሞባይል ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆየ። ገቢው የቆመበት ድርጅት የድረ ገጽ ስሙን በየዓመቱ ለማሳደስ የሚከፍለው ገንዘብ ቢጠፋው አይፈረድበትም። ስሙ ካልታደሰ ግን ገጹ ይዘጋል፤ በዓመታት የተጠራቀሙት ገቢ ሊንኮች ወደ ባዶ ያመራሉ። ከዚያም የከፋ አለ። የተተወን ስም ሌላ ሰው ገዝቶ በተጠራቀመው ሊንክ የቁማር ማስታወቂያ የሚያሠራበት ጊዜ አለ፤ ጎግል በማርች 2024 ይህን በግልጽ የከለከለው ስለተስፋፋ ነው። የተቋማት ስም መቀየርም ጉዳት አለው። ለምሳሌ በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ለሁለት ሲከፈል እንደሆነው ያለ ለውጥ ሲመጣ፣ አድራሻም አብሮ የሚቀየር ከሆነ አሮጌውን አድራሻ ወደ አዲሱ የሚመራ መስመር ካልተቀመጠ በስተቀር የቀድሞው ጥቆማ ሁሉ ይባክናል። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2013 ከነበሩ ድረ ገጾች 38 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ እንደማይገኙ አሳይቷል። ችግሩ የዓለም ነው፤ የሚጠቁሙለት ጥቂት የሆኑበትን ግን አብልጦ ይጎዳል።

ለብልባላ አንድ ገጽ

ታዲያ የብልባላ ሰው፣ ወይም ለብልባላ የሚያስብ የላሊበላ አስጎብኚ፣ ከየት ይጀምር? ሊንክ ከመለመን በፊት ሊጠቆም የሚገባው ነገር መኖር አለበት። እሱ ደግሞ በእጁ ነው። ብልባላ ጊዮርጊስ ለመድረስ መኪናው የት ይቆማል? ከዚያ በእግር ስንት ደቂቃ ነው? በክረምት ይገባል? ቅዳሴ የሚያልቀው ስንት ሰዓት ነው፣ ዓመታዊ ንግሡ መቼ ነው፣ ሴቶች የሚገቡበት ክፍል የቱ ነው? ንቦቹ የሚገቡበት ግድግዳ የትኛው ነው፣ ማሩስ መቼ ይቆረጣል፣ ለማን ይሰጣል? ይህን ከአዲስ አበባም ሆነ ከፓሪስ ሆኖ መጻፍ አይቻልም። ለእያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን አንድ ገጽ፣ የማይለወጥ አጭር አድራሻ፣ በስልክ ላይ ቶሎ የሚከፈቱ ጥቂት ጥሩ ፎቶዎች፣ የስሙ አጻጻፎች ሁሉ። ከቂርቆሱ ገጽ ወደ ጊዮርጊሱ፣ ከጊዮርጊሱ ወደ አርባዕቱ እንስሳ የሚወስድ ሊንክም አይርሳ፤ የራስን ገጾች ማገናኘትም ይቆጠራል።

ከዚያ ጠቋሚዎቹን መፈለግ ነው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መዝገበ ሥዕላት የተባለውን የኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ ክምችት ካዘጋጁት አንዱ የሆኑት ማይክል ጀርቨርስ በላስታ ዋሻዎች ስለተሠሩት አብያተ ክርስቲያናት ጽፈዋል። እንዲህ ያለ ተመራማሪ ስለ ቦታው የታመነ አዲስ ገጽ ቢያገኝ አይጠላም። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው። በዩኒቨርሲቲ ስም የሚያልቅ አድራሻ በራሱ የተለየ ክብደት አለው የሚባለውን ጎግል አይቀበለውም፤ የዩኒቨርሲቲ ገጽ የሚከብደው ብዙዎች ስለሚጠቁሙት ነው። የንቦቹ ነገር ደግሞ የንብ ባለሙያዎችን ይስባል፤ ሆለታ ያለው የንብ ምርምር ማዕከል አለ። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ያሉ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት በየድረ ገጻቸው የአገር ቤት ገዳማትን ያስተዋውቃሉ፤ ከላስታ የሄደ ምእመን በየደብሩ አለ። አንድ አጭርና ትሑት ኢሜይል፣ ገጹ ምን እንደያዘና የትኛው ጽሑፋቸው ላይ ቢገባ እንደሚጠቅም የሚናገር፣ ከሺህ የተገዛ ሊንክ ይበልጣል። የጉዞ መጽሐፍ አዘጋጆችም የተሳሳተ ርቀት ወይም የተለወጠ መንገድ ሲጠቆሙ ያርማሉ፤ ብዙ ጊዜም ምንጩን ይጠቅሳሉ።

የአማርኛ ጋዜጠኛ ድርሻ ከዚህ ሁሉ ይቀላል። ስለ ላስታ የሚጽፈው ጽሑፍ ውስጥ ብልባላን ሲጠራ ሊንኩን ያስቀምጥ። ሌላ ጋዜጣ የሠራውን ሲጠቅስም እንዲሁ።

ውጤቱን ለማየት ገንዘብ አይጠይቅም። ጎግል ሰርች ኮንሶል በነፃ ነው፤ ባለቤትነቱን ያረጋገጠ ማንኛውም የድረ ገጽ ባለቤት ይከፍተዋል። በውስጡ ሊንኮች የሚል ክፍል አለ፤ ወደ ገጹ የጠቆሙትን ድረ ገጾች በስም ዝርዝር ያወጣል፣ በየትኛው ገጽ ላይ እንዳረፉና በምን ቃል እንደተቀመጡም ያሳያል። ሌላኛው ክፍል ሰዎች ምን ብለው ፈልገው እንደመጡና ገጹ በስንተኛ ደረጃ እንደታየ ይናገራል። አዲስ ሊንክ እዚያ ለመታየት ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ዝርዝሩ ባዶ ነው። ቀጥሎ አንድ መስመር ይገባል፤ ከአዲስ አበባ ጋዜጣ ይሁን፣ ከዋሽንግተን ደብር ወይም ከወልድያ፣ የጠቋሚው ስም ከአጠገቡ ተጽፎ ይታያል።